የካርማን ጊያን ስውር ዝገት ፈልጎ ማግኘትና መጠገን

በአሮጌ መኪና ቀለም ላይ የምትታይ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል እብጠት የዝገቱ መነሻ አይደለችም፤ መድረሻው ናት። ዝገቱ ሁለት ላሜራዎች ከተጋጠሙበት ስፌት ወይም ውኃና ጭቃ ካረፈበት የተዘጋ ቦይ ተነሥቶ፣ ብረቱን ከውስጥ ለዓመታት ሲበላ ኖሮ ነው በመጨረሻ ወደ ላይ ብቅ የሚለው። ስለዚህ እብጠቷን ፍቆ፣ ስቱኮ ሞልቶና ቀለም ቀብቶ መመለስ ምስጥ የበላውን ምሰሶ በጭቃ መርጎ ቤት እንደ ማደስ ይቆጠራል፤ ግድግዳው ለአንድ ክረምት ያምራል፣ ምሰሶው ግን መበላቱን አያቆምም። ይህን መመሪያ የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ካርማን ጊያ ለማዳን ከደከምኩበት ልምድ ተነሥቼ ነው። ሌላ ዓይነት አሮጌ መኪና ያለውም ሰው የቦታዎቹን ስም ለውጦ ሊጠቀምበት ይችላል።

ካርማን ጊያ የጣሊያኑ የጊያ ድርጅት በቱሪን የነደፋት፣ የጀርመኑ የካርማን ፋብሪካ በኦስናብሩክ የገጠማት፣ የቮልስዋገንን ሞተርና ወለል የተሸከመች ባለ ሁለት በር መኪና ናት፤ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ440,000 በላይ ተሠርታለች። በአገራችን የቮልስ መለዋወጫና መካኒክ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ ሞተሯና ፍሬኗ ባለቤቱን እምብዛም አያስጨንቁትም። ጭንቀቱ ያለው ላሜራው ላይ ነው። በተለመደችው ቮልስ አራቱ ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ በመሆናቸው የተበላውን ፈትቶ ሌላ ማሰር ይቻላል፤ በካርማን ጊያ ግን ከበሮቹና ከሁለቱ ክዳኖች በቀር አካሉ ተበይዶ አንድ ወጥ ሆኗል፤ የብየዳው ስፌትም እንዳይታይ በቀለጠ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል ተሞልቶ በእጅ ተሞርዷል። መጋጠሚያ የማይታይበት ውበቷ ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ ዝገት ሲገባባት ግን የሚፈታ ነገር ስለሌለ መቁረጥ ግድ ይሆናል።

የእኔዋን የገዛኋት አዲስ ቀለም እንደ ተቀባች ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ ከግራው በር ሥር እብጠቶች መውጣት ጀመሩ፤ ስንከፍተው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ በሪቬት የተያዘ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አገኘን። ቀለሙን የቀባው ጋራዥ ዋናው ብረት ማለቁን አይቷል፤ አይቶም ሸፍኖታል። በዚያ ቀን የተሰማኝ ኀዘን ከገንዘቡ ይልቅ ስለ መኪናዋ ነበር፤ ምክንያቱም ያ ቆርቆሮ ባይለጠፍባት ኖሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ውኃ አፍና ባልቆየች ነበር።

ብረት የሚዝገው ውኃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ሥራው በጣም ይፋጠናል። የተፈጠረው ዝገት ከተነሣበት ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ በሁለት ላሜራዎች መካከል ሲከማች እንደ ሽብልቅ ይገፋቸዋል፣ ስፌቱን ይከፍተዋል፣ ለተጨማሪ ውኃም በር ይሆናል። በአውሮፓ መንገዶች ላይ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በእኛ ዘንድ የለም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በጎጃም የሚያጠቃን ሌላ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ፣ በደጋው የማለዳ ጤዛ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋልካ አፈር ናቸው። የዋልካ ጭቃ ከፓራፋንጎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ከተለጠፈ በኋላ ፊቱ ቢደርቅም ከብረቱ ጋር የሚነካካው ጎኑ ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ይቆያል። መኪናዋ ከዚህ በፊት ምፅዋ ወይም ሌላ የባሕር ዳርቻ ኖራ ከሆነ፣ ወይም የቀድሞ ባለቤቷ ለከብት የሚሆን ጨው በጆንያ ጭኖባት ከነበረ፣ ጨው የገባበት ዝገት በንጹሕ ውኃ በደንብ እስካልታጠበ ድረስ ከቀለም ሥርም ቢሆን መሥራቱን ስለሚቀጥል ይህን ታሪኳን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ዝገቱ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት በሁለቱም በሮች ሥር የሚያልፈው የሙቀት ቦይ ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የመኪናዋ ማሞቂያ በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀውን አየር በእነዚህ ቦዮች በኩል ወደ ፊት ይልካል። ቦዩ ግን የአየር መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ የአካሉ ዋና የጎን ተሸካሚም እርሱ ነው፤ ወለሉም በቡሎን የሚታሰረው ከእርሱ ጋር ነው። ሞቃት አየር አልፎበት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በቦዩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ ጎማ የሚረጨው ጭቃም ከውጭ ይመታዋል። በዚህ ምክንያት ቦዩ ከውጭ አዲስ ቀለም ለብሶ ከውስጥ ወንፊት ሊሆን ይችላል። እግር ማሳረፊያው አካባቢ ምንጣፉ ሁልጊዜ ርጥብ ከሆነ፣ ወይም ማሞቂያው ሲከፈት የዝገት ቅርፊት ከቀዳዳው ቢወጣ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ከማሞቂያው የጭስ ሽታ የሚመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከላሜራ ያልፋል፤ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የሙቀት መለዋወጫ ተበስቶ መርዛማ ጭስ ወደ ተሳፋሪው እየገባ ሊሆን ስለሚችል እስኪጠገን ድረስ ማሞቂያው ተዘግቶ መቆየት አለበት።

ሁለተኛው አፍንጫዋ ነው። ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት የፊት ጉድጓድ ዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ በክዳኑ ላስቲክ ሾልኮ የገባ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችም ወደ ውስጥ በሚወስዷቸው መተላለፊያዎች ላይ አቧራና ቅጠል ያጠራቅማሉ። መኪናዋ በባሕር ዛፍ ሥር የምታድር ከሆነ በነዚህ መተላለፊያዎች ውስጥ ምን ያህል ቅጠል እንደሚገኝ ሲያዩ ይገረማሉ። የፊት መብራቶቹ የተቀመጡበት ጎድጓዳ ላሜራ ከኋላው በጎማ ጭቃ ስለሚደበደብ ከመብራቱ በላይ ያለው ቅስት ይበላል። በግጭት የተጎዳ አፍንጫም ብዙ ጊዜ ተቀጥቅጦና ስቱኮ ተሞልቶ የተመለሰ ስለሆነ በተለይ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ባትሪው በሞተሩ ክፍል በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ከእርሱ የሚፈሰው አሲድ መቀመጫውንና ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላል። የበሮቹ ግርጌ፣ የኋለኛው መስተዋት ላስቲክ ሥር፣ ከኋላ ጎማ በስተ ፊት ያለው የአካሉ ማዕዘን እንዲሁ መታየት አለባቸው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከሚዘነጉት መካከል አንዱ የፊት አክሰሉ የሚታሰርበት የወለሉ ራስ ነው። ከሥር ጭቃ የሚያርፍበት ይህ ክፍል ከተበላ የመኪናዋን መሪና የፊት ጎማ የያዘው ብረት ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ቀርቶ በከተማ ውስጥም መነዳት የለባትም። እግረ መንገድዎን የፍሬን ዘይት ቱቦዎችን ይመልከቱ፤ እነርሱም ብረት ናቸው፣ እነርሱም ይዝጋሉ።

ፍለጋው

ለፍለጋው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በላሜራው ላይ በዝግታ ያሂዱት፤ በደህናው ብረት ላይ አጥብቆ የያዘው ማግኔት በድንገት ሲላላ ወይም ሲወድቅ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በካርማን ጊያ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው በስፌቶቹ ላይ የሞላው እርሳስም ማግኔት ስለማይስብ በስፌት ቦታ የላላ ማግኔት ሁልጊዜ የጥፋት ምልክት አይደለም። ከዚያ በካቻቢቴ እጀታ እየቆረቆሩ ያዳምጡ፤ ደህና ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ስቱኮ ወይም ጭቃ የያዘው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ተጠራጣሪ ቦታን ለመውጋት እኔ ያገኘሁት የተሻለ መሣሪያ እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉበት ወስፌ ነው፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ደህናውን ብረት ሳይጎዳ የተበላውን ይበሳል። የሻጩ መኪና ከሆነ ግን ሳያስፈቅዱ አይውጉ።

ወደ ተዘጉት ቦዮች ውስጥ ለመመልከት ከስልክ ጋር የሚገናኝ ቀጭን የሽቦ ካሜራ እጅግ ይጠቅማል። በሙቀት ቦዩ የአየር መውጫ በኩል ሲያስገቡት ግድግዳው ቡናማ ዱቄት ብቻ ለብሶ ከሆነ ገና ጊዜ አለ፤ እንደ እንጀራ ዐይን የተቦረቦረ ወይም እንደ ዛፍ ቅርፊት የተላጠ ከሆነ ወደ መቁረጥ መሄድ ነው። ካሜራ ያላገኘ ሰው የሚከተለውን ይሞክር፤ መኪናዋን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ በሩን ዘግቶ፣ ክሪኩን ወለሉ ከቦዩ ጋር ከታሰረበት ጠርዝ ሥር ጠንካራ እንጨት አድርጎ በጥቂቱ ያንሣ። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ቢለወጥ ወይም በሩ ለመከፈት ቢያስቸግር አካሉ እየታጠፈ ነውና ቦዩ ጉልበቱን ጨርሷል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ከመኪናዋ ሥር መግባት የለበትም፤ የተበላ ብረት ክሪክ አይሸከምም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ለውኃው ፍለጋ ነው፤ ብዙ ባለቤቶችም ሆኑ ጋራዦች ይህን ይዘልሉታል። ምንጣፉን አውጥተው ወለሉን ካደረቁ በኋላ በየስፌቱ ላይ ቀጭን የዱቄት ወይም የጠመኔ ብናኝ ይነስንሱ፤ ከዚያም አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሲመለከት ሌላው ከውጭ በጆግ ውኃ ያፍስስ። ከታች ይጀመር፣ ወደ ላይም ቀስ በቀስ ይኬድ፤ ከላይ ከተጀመረ ውኃው በየት እንደ ገባ መለየት አይቻልም። ውኃው ብናኙን እየሰነጠቀ የሄደበት መሥመር መግቢያውን ያሳያል። በእኔዋ መኪና ግራው ቦይ የተበላው በጎማ ጭቃ ሳይሆን በፊት መስተዋቱ ግራ ማዕዘን በደረቀ ላስቲክ በኩል እየገባ ከምንጣፍ ሥር በሚወርድ ውኃ ነበር። ያን ላስቲክ ሳልቀይር ቦዩን ብቀይረው ኖሮ ሥራው ሁሉ በከንቱ ይቀር ነበር።

መቁረጥና መበየድ

ሥራውን ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ፣ አየሩ ሲደርቅ መጀመርና ከበልግ ዝናብ በፊት መጨረስ ይሻላል። የላይ ላዩን ዝገት ብቻ ከሆነ ያገኙት፣ ማለትም ብረቱ ካልተበሳና በወስፌ ሲወጋ ከጸና፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ድረስ ፍቆ፣ በጥቃቅን ስርጉዶቹ ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት የዝገት ማጥፊያ አክሞ፣ በመመሪያው መሠረት አጥቦና አድርቆ ፀረ ዝገት መቀባት ይበቃል። ይህ መድኃኒት የሚደርሰው ወደሚታየው ብቻ ነው፤ የተላጠ ቅርፊት ሥርም ሆነ በስፌት መካከል ስለማይገባ ብረት የጎደለበትን ቦታ ይተካል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

የተበሳውን ግን መቁረጥ ነው። ከመቁረጥ በፊት ባትሪው ይነሣ፤ በካርማን ጊያ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ስለሆነ አፍንጫውንም ሆነ የቦዩን የፊት ጫፍ ከመንካት በፊት ታንኩ ወጥቶ ከሥራው ቦታ ይራቅ። አሸዋ፣ ውኃ የተነከረ ጆንያና የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጥ። የድሮውን የእርሳስ ሙሌት በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መፍጫ) ማንሣት ፈጽሞ አይገባም፤ ብናኙ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ከተነካም በርጥቡ፣ ጭምብል ለብሶ ይፈቅ፤ የወደቀውም ተሰብስቦ ከግቢው ይወገድ እንጂ አይጠረግ።

ሁለቱን ቦዮች በአንድ ጊዜ አይቁረጡ። አካሉ ከደህና ወለል ጋር በቡሎን እንደ ታሰረ፣ በደልዳላ ቦታ ከአራት ማዕዘን ተደግፎ፣ በበሩ ክፍት መካከል ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ የብረት ድጋፍ ተበይዶበት አንዱ ጎን ይጠናቀቅ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይኬድ። ጣሪያዋ በሸራ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነች ይህ ድጋፍ የግድ ነው፤ አለበለዚያ አካሉ መሃል ላይ ይጎብጣል፣ በሮቹም ከዚያ ወዲያ አይገጥሙም። በሩን በየደረጃው እየሰቀሉ ክፍተቱን መለካት ሥራውን ቢያዘገይም ለዚህ የሚጠፋው ሰዓት ኋላ ከሚመጣው ጸጸት ያነሰ ነው።

የተበላው ክፍል ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ፣ ከዚያም ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይቆረጥ። የሚተካውን ቅርጽ መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠው ይሞክሩ። ለምትኩ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሲበየድም ከዚንኩ የሚነሣው ጭስ በያጁን ይጎዳል። ለሚታየው አካል ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሸክም ለሚሸከመው ቦይ ደግሞ ከዚያ ወፈር ያለ ንጹሕ የብረት ላሜራ ያስፈልጋል። በየሠፈሩ የመስኮትና የበር ፍሬም የሚሠራበት የኤሌክትሮድ ብየዳ ለእንዲህ ያለ ስስ ብረት ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ብረቱን ይበሳዋል ወይም ያጣምመዋል። ስስ ሽቦ በሚያቀርብ ሚግ በተባለ የብየዳ መሣሪያ፣ ወይም ልምድ ያለው ባትላሜራ በጋዝ ቢሠራው የተሻለ ነው። ብየዳው በአንድ ወገን ተጀምሮ እየተጎተተ አይሂድ፤ ነጠብጣብ እየጣሉ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየተዘዋወሩ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ መሞላት አለበት። በደብረ ማርቆስ የረዱኝ አዛውንት ባትላሜራ፣ በችኮላ ስነሣ፣ «ልጄ፣ ብረቱ ይረፍ፤ አንተም እረፍ» እያሉ ያስቀምጡኝ ነበር፤ እርሳቸው ያሳረፉት ፓራፋንጎ ዛሬም ሞገድ የለበትም።

ምትኩን በአሮጌው ላይ ደርቦ መበየድ በሁለቱ መካከል አዲስ የውኃ ኪስ ስለሚፈጥር በተቻለ መጠን ጫፍ ለጫፍ ይገጠም። ፋብሪካው የተዋቸውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በአዲሱ ላሜራም ላይ በየቦታቸው ይብሱ። በያጆች ሥራው የተሟላ እንዲመስል እነዚህን ቀዳዳዎች ሲሞሏቸው በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ቆመው ይከላከሉ።

ከብየዳው በኋላ

ብየዳ ከጀርባው ያለውን ቀለም ሁሉ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከውጭ አምሮ የተመለሰ ቦይ ከውስጥ ራቁቱን ነው፣ በመጀመሪያው ክረምትም መዛግ ይጀምራል። ከውጭ በኩል ፀረ ዝገት ተቀብቶ ስፌቱ በማሸጊያ ይደፈን፤ ስቱኮ ካስፈለገ ውኃ የሚመጥ ነገር ስለሆነ በተቀባ ብረት ላይ ብቻ፣ ከሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ይሁን። ከውስጥ ደግሞ ቀለሙ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ለተዘጋ ቦይ የሚሆን ፈሳሽ ሰም በቀጭን ቱቦ፣ በኮምፕሬሰር ግፊት፣ ቱቦውን ከጥግ እስከ ጥግ እየጎተቱ መርጨት ያስፈልጋል።

ይህ ሰም ከአዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል፤ ጎጃም የማር አገር ናትና በምትኩ የንብ ሰም ብቻውን አቅልጠው የሚያፈስሱ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ። ንጹሕ የንብ ሰም ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ወደ ስፌትም አይሰርግም፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም ይታፈናል። ሌላ ካልተገኘ ሰሙን በውኃ ውስጥ በተቀመጠ ድስት አቅልጦ፣ ከእሳት አርቆ፣ ያልተሠራበት የሞተር ዘይት በብዛት ቢቀላቅሉበት እንደ ቅባት ልል ሆኖ ይሠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን አሲድና ውኃ ስለያዘ አይሁን። የተልባ ዘይትም መልካም ነው፤ በቀደመው ዘመን የአውሮፕላኖችን የብረት ቱቦዎች ከውስጥ በእርሱ ይቀቡ ነበር። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊነሣበት ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት።

ከመኪናው ሥር ሬንጅ መቀባት በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ሬንጁ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃም በብረቱና በሬንጁ መካከል ማንም ሳያየው ይቀመጣል። የተቀባ መኪና ከገዙ ልል ሆኖ የተነሣውን ሁሉ ልጠው ከሥሩ ያለውን ማየት አለብዎት።

መኪናዋ የምታድርበት ቦታም የጥገናው አካል ነው። ሣር ላይ አትቁም፤ ከመሬቱ የሚነሣው እርጥበት ሌሊቱን ሁሉ ከሥሯ ይሠራል። በፕላስቲክ ሸራ ተጠቅልላም አትደር፤ ላቡ ከሸራው ሥር ይንጠባጠብባታል። ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ ጣሪያ ያለው ነገር ግን ነፋስ የሚያገኘው መጠለያ ከሁሉ ይሻላታል። በዋልካ መንገድ ከሄዱ ጭቃው ሳይደርቅ በዚያው ቀን የፓራፋንጎዎቹን ውስጥና የወለሉን ጠርዝ በውኃ ያጥቡ። በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ይዘው በበሮቹ ግርጌና በቦዮቹ ሥር ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይክፈቱ፤ ከአንዱ ቀዳዳ ውኃ ከፈሰሰ ሽቦውን አስቀምጠው የዱቄቱን ፍለጋ በዚያው ቀን ከታች ጀምረው ይድገሙ።